«ከሆድሽ አውጪው!» ለተባለችው የቴአትር ተማሪ

ደብዳቤው ረዘም ይል ስለነበር አሳጥሬዋለሁ።

«ጤና ይስጥልኝ እትዬ። አዲስ አበባ ውስጥ የቴአትር ጥበባት ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ያደግኩት ጎጃም፣ ትንሽ ከተማ ውስጥ ነው። ሰኔ ላይ በምናሳየው ተውኔት ልጇ የሞተባትን እናት ሆኜ እጫወታለሁ። ችግሬ ድምፄ ነው። አዘጋጃችን ‹አይሰማም! ከሆድሽ አውጪው!› ይለኛል። እጮኻለሁ። ጥናት ስንጨርስ ድምፄ ይዘጋል፤ ጠዋት የምነሳው ሻክሮ ነው። ጓደኞቼ ‹ድምፅሽ ቀጭን ስለሆነ ነው› ስላሉኝ ላወፍረው እየሞከርኩ ነው። እንቅስቃሴዬም ያው ነው። እጄን የት እንደማደርገው አላውቅም። ‹ግንድ ሆንሽ› ተብያለሁ። የድምፅና የእንቅስቃሴ ትምህርት አለን፤ ግን መሬት ላይ መተኛት፣ ማዛጋት፣ እንደ እንስሳ መሄድ ነው። እውነቱን ለመናገር ጊዜ ማባከን ይመስለኛል። አሁን ሁሉም ነገር ተከታታይ ድራማና ቲክቶክ ሆኗል፤ ማይክ አለ። ዝንጅብልና ማር ጠጥቻለሁ፤ ምንም አልረዳኝም። ምን ይሻለኛል? — ድምፄ የከዳኝ»

ውድ «ድምፄ የከዳኝ»፣

መጀመሪያ የጤናውን ነገር እንጨርስ። መሻከሩ ከጀመረ ምን ያህል ጊዜ ሆነው? ደብዳቤሽ ላይ የለም። ጉንፋን ሳይኖርብሽ ከ3 ሳምንት ካለፈው ይህን ጽሑፍ አስቀምጪውና የአንገት በላይ ሐኪም ጋ ሂጂ። ስትናገሪ የሚያምሽ ከሆነ፣ ወይም ጥናት መሀል ድምፅሽ ድንገት ቀጥ ብሎ ከቀረ ደግሞ 3 ሳምንትም አትጠብቂ። ሐኪሙ በቀጭን ካሜራ የድምፅ አውታሮችሽን ያያል። በጩኸት ብዛት አውታሮቹ ላይ መጅ የመሰለ እብጠት ሊወጣ ይችላል። በጊዜ ከተደረሰበት አብዛኛውን ጊዜ ያለ ቀዶ ሕክምና፣ የድምፅ አጠቃቀምን በማስተካከል ይሻላል። «ያልፍልኛል» እያሉ መጮህ ግን ያባብሰዋል።

አሁን ወደ «ከሆድሽ» እንምጣ። ሆድሽ ውስጥ ድምፅ የለም። ያለው ቁርስሽ ነው። ድምፅ የሚፈጠረው ማንቁርት ውስጥ ባሉ ሁለት ትናንሽ አውታሮች ነው። ከሳንባ የሚወጣው አየር በመሃላቸው ሲያልፍ ይንቀጠቀጣሉ። ሴት ልጅ ስታወራ በሴኮንድ 200 ጊዜ ገደማ ይከፈታሉ፣ ይዘጋሉ። ወንድ ሲያወራ ከ100 ጥቂት ከፍ ይላል። አስቢው፤ ሁለት ሰዓት ጥናት ላይ ስትጮኺ ስንት ጊዜ እንደሚጋጩ።

አዘጋጃችሁ ሊል የፈለገው ስለ ትንፋሽ ነው። ከሳንባ ሥር ድያፍራም የሚባል ሰፊ ጡንቻ አለ። አየር ሲገባ ወደ ታች ይወርዳል። ሲወርድ ከሥሩ ያለውን ይገፋል፤ ሆድሽና ጎንሽ ሰፋ ይላሉ። ሐሳቡ ልክ ነው። አባባሉ ግን ብዙ ተማሪ ያሳስታል። «ከሆድሽ አውጪው» የተባለች ልጅ መጀመሪያ የምታደርገው ሆዷን ማጠንከር ነው። ሆድ ሲጠነክር ድያፍራም መውረጃ ያጣል። አየሩ ደረት ላይ ይቀራል፣ ትከሻ ይነሳል፣ አንገት ይገተራል። የትንፋሽን ሥራ ጉሮሮ ደርቦ ይሠራል። ጠዋት የምትሰሚው መሻከር የዚህ ውጤት ሳይሆን አይቀርም።

ሴቶች ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ሆድን ወደ ውስጥ መሳብ ልማድ ሆኖብናል። ፎቶ ሲነሱ መሳብ፣ ጠባብ ሱሪ ለብሶ መሳብ፣ ታክሲ ውስጥ ሰው ሲጠጋ መሳብ። ለጥናት ወገቡ የላላ ሱሪ ልበሺ። ነገሩ ቀላል ይመስላል፤ ግን ቀበቶ አጥብቃ የድምፅ ልምምድ የምትሠራ ልጅ በየዓመቱ አይቻለሁ።

መሬት ላይ መተኛቱን ጊዜ ማባከን ብለሽዋል። ለምን እንደሚያስተኙሽ የነገረሽ የለም መሰለኝ። ቆመሽ ሳለ ብዙ ጡንቻ እንዳትወድቂ ይዞሻል። አንዳንዱ ለመቆም ያስፈልጋል፤ አንዳንዱ በልማድ ብቻ የተገተረ ነው። የትኛው የትኛው እንደሆነ ቆመሽ አታውቂውም። ስትተኚ መሬቱ ይይዝሻል። ያኔ አንገትሽ አሁንም ግትር ከሆነ ያለ ሥራ እንደተገተረ ታውቂያለሽ።

እንዲህ ሞክሪው። በጀርባሽ ተኚ፣ ጉልበትሽን አጥፊ፣ እግርሽ መሬት ይርገጥ። ከራስሽ ሥር አንድ ደብተር አድርጊ። አንድ እጅ ሆድ ላይ፣ ሌላው የጎን አጥንትሽ ላይ ይሁን። አየሩን በቀስታ «ስስስ» እያልሽ አስወጪ። ሲያልቅ አትሳቢ። ጠብቂ። ሰውነትሽ ራሱ ሲፈልግ ያስገባዋል። እጆችሽ ከፍ ሲሉ ይሰማሻል። እኛ ደግሞ ለዚህ የሚሆን ጥሩ ቃል አለን፤ «እፎይ»። ፈተና ጨርሰሽ ስትወጪ የምትይውን እፎይታ አስቢና ድምፅ እየጨመርሽበት ልቀቂው። ጉሮሮሽ ያን ጊዜ ምን ያህል ክፍት እንደሆነ አስተውዪ። ከዚያ በዚያው ክፍትነት ከንፈርሽን ገጥመሽ «ምምም» በዪ። ከንፈርሽና አፍንጫሽ አካባቢ ሊነዝርሽ ይገባል። ቀጥሎ አንድ መስመር ከተውኔቱ። ጉሮሮሽ የተያዘ እንደመሰለሽ ወደ እፎይታው ተመለሺ። ማዛጋቱም እዚሁ ነው የሚገባው፤ መንጋጭላን ያላላል፣ ማንቁርትን ዝቅ ያደርጋል፣ የጉሮሮን ጀርባ ይከፍታል።

ዶርም ውስጥ ጓደኞችሽን ሳትረብሺ የምትሠሪው ሌላ አለ። ብርጭቆ ውስጥ ውኃ አድርጊና ስትሮ ሁለት ጣት ያህል አስገቢበት። በስትሮው «ኡኡኡ» እያልሽ ውኃውን አረፋ አስደፍቂው። ከዝቅተኛ ወደ ከፍተኛ፣ ከከፍተኛ ወደ ዝቅተኛ ውጪ፣ ውረጂ። አየሩ መውጫው ስለሚጠብበት ወደ ኋላ ግፊት ይፈጥራል። አውታሮቹ ሳይቧቀሱ ይንቀጠቀጣሉ። ጥቂት ደቂቃ ከጥናት በፊት፣ ጥቂት ደቂቃ ከጥናት በኋላ። የሕፃን ጨዋታ ይመስላል፤ የድምፅ ሐኪሞች ግን ለታማሚ የሚያዙት ነው።

ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። «አይሰማም» የሚባል አማርኛ ተናጋሪ ተዋናይ፣ አብዛኛውን ጊዜ የማይሰማው ሙሉው አይደለም። የማይሰማው መጨረሻው ነው። አማርኛ ግሡን የሚያስቀምጠው መጨረሻ ላይ ነው። ማን እንዳደረገው፣ መቼ እንዳደረገው፣ አድርጎት ወይም ሳያደርገው መቅረቱ የሚታወቀው እዚያ ነው። የተዋናይ ትንፋሽ የሚያልቀውም እዚያው ነው። ይህን ስሚ፦

«ያን ቀን በር ላይ ቆሜ እያየሁት፣ እሱም ዞሮ ሳያየኝ፣ እንዳይሄድ አልከለከልኩትም።»

የመጨረሻዋ ቃል ከተዋጠች የኋላ ወንበር ላይ ያለው ሰው ከለከለችው ይሁን አልከለከለችው አያውቅም። ሙሉው ጸጸት ያለው «አል» እና «ም» ላይ ነው። ተማሪ ግን «ያን ቀን» የሚለውን በሙሉ ደረቱ ይጀምርና «አልከለከልኩትም» ላይ ሲደርስ ያንሾካሽካል። አዘጋጁ «አይሰማም» ይላል። ተማሪው መጀመሪያውን ይበልጥ ይጮኻል። መጨረሻው ይበልጥ ይጠፋል።

መፍትሔው መስመሩን ከጭራው ማጥናት ነው። መጀመሪያ «አልከለከልኩትም» ብቻ በዪ። ሙሉ፣ ረጋ ያለ፣ እስከ መጨረሻዋ «ም» ድረስ። ቀጥሎ «እንዳይሄድ አልከለከልኩትም»። ቀጥሎ «እሱም ዞሮ ሳያየኝ፣ እንዳይሄድ አልከለከልኩትም»። እንዲህ እያልሽ ወደ መጀመሪያው ሂጂ። ያኔ ትንፋሽሽ የት እንደምትደርሺ አውቆ ይነሳል። ብዙ አየር መሙላት አያስፈልግሽም፤ እንዲያውም ከልክ በላይ የሞላ ደረት ራሱ ግትር ነው። ሐሳቡ ሲታጠፍ ተንፍሺ፤ ከላይ ባለው መስመር ነጠላ ሰረዞቹ ጋ ማለት ነው። ልክ መሆንሽን ለማወቅ አንዲት ጓደኛሽን ከአዳራሹ ጫፍ አስቀምጫት። የየዓረፍተ ነገሩን የመጨረሻ ቃል ብቻ ትጻፍልሽ። በስልክ ከመቅዳት ይሻላል፤ ስልክ የተዋጠውንም አጉልቶ ያሰማሻል።

ፊደሎቻችንም የራሳቸው ጠባይ አላቸው። ቀ፣ ጠ፣ ጨ፣ ጸ፣ ጰ ሲባሉ ጉሮሮ ለቅጽበት ዝግ ይላል። ተፈጥሯቸው ነው፤ አይጎዱም። ግን ንዴት የሚጫወት ተማሪ «ቅጥል ነው ያልኩት! ጥፋ ከዚህ!» ሲል እያንዳንዱን በጉሮሮው ይደበድበዋል። ሥራውን ለምላስና ለከንፈር ስጪ። ምላስሽ ጥርት አድርጋ ከቆረጠችው ድምፅ ሳይጨመርበት ንዴቱ ይሰማል። በአ እና በእ የሚጀምሩትም እንዲሁ ናቸው። «አንተ!» ብለሽ ስትጮኺ ጉሮሮሽ «ጧ» ብሎ ይነሳል። ከፊቱ የማትሰማ ትንሽ «ሀ» እንዳለች አስቢ፤ ትንፋሹ ይቅደም፣ ድምፁ ይከተል። የሚጠብቀውንና የሚላላውንም ጠብቂ። ሲቻኮሉ ሁሉም ይላላል፤ «አባቱ አለ» ስትዪ አባቱ ይኑር ወይ ይናገር ተመልካቹ ግራ ይገባዋል።

ድምፅ ማወፈሩን ግን ዛሬውኑ ተዪ። ማንቁርትሽን ወደ ታች እየደፈቅሽ ነው የምታወፍሪው፤ ይህ ብቻውን ሊያሻክርሽ ይችላል። ደግሞም መሰማት ከመወፈር ጋር አይገናኝም። የሰው ጆሮ ይበልጥ ንቁ የሚሆነው ከ2000 እስከ 4000 ኸርዝ ባለው ክልል ነው፤ ኸርዝ ማለት በሴኮንድ የንዝረት ብዛት ነው። ጥርት ብሎ የሚወጋ ድምፅ እዚያ ክልል ውስጥ ጉልበት አለው። ሜክሲኮ ቆመሽ የታክሲ ረዳቶችን ስሚ። በዚያ ሁሉ ጥሩምባ መሃል «ሳሪስ፣ ሳሪስ!» የሚለው ልጅ ድምፁ ቀጭን ነው፤ ከፊት፣ ከጥርሱ ጋ ይወጣል፤ መንገዱን ተሻግሮ ይሰማል። (ቀኑን ሙሉ ስለሚጮሁ ማታ ማታ ብዙዎቹ ሻክረው እንደሚገቡም አትርሺ። ቦታውን ውሰጂ፣ ሰዓቱን ተዪላቸው።) ያቺ «ምምም» ስትዪ ከንፈርሽ ላይ የነዘረችሽ ነገር ያንቺ መወጊያ ናት።

ስለ ሰውነትሽ። የጎጃም ልጅ ነኝ ብለሻል። ሽማግሌ ፊት አንገት ሰበር፣ ዓይን ዝቅ፣ ትከሻ ሰብሰብ፣ ድምፅ ቀነስ። እንግዳ ሲመጣ ውኃ ስታስታጥቢ ጎንበስ። ይህን በደንብ የሠራች ልጅ «ጨዋ» ትባላለች። እኔ ይህንንም ሥልጠና እለዋለሁ። ዩኒቨርሲቲ ሳትገቢ የድምፅና የእንቅስቃሴ ትምህርት ስትወስጂ ነበር፤ ያውም በየቀኑ፣ ከልጅነትሽ ጀምሮ። በሳምንት አንድ ቀን በሚሰጥ ክፍለ ጊዜ ይፈታል ብለሽ አትጠብቂ። ጣዪውም አልልሽም። ሽማግሌ ፊት ያስፈልግሻል፤ ጨዋ ልጅ ስትጫወቺም ከማንም የተሻለ ታውቂዋለሽ። ችግሩ ሳታውቂው ሲይዝሽ ነው። ስትጮኺ እንኳ አገጭሽ ወደ ደረትሽ ገብቶ፣ ትከሻሽ ተሰብስቦ ከሆነ ድምፁ በየት ይውጣ?

የቴአትር ትምህርት ቤቶች ድምፅንና እንቅስቃሴን አጣምረው የሚያስተምሩት ለዚህ ነው። ፍሬድሪክ ማቲያስ አሌክሳንደር የሚባል በ1869 እ.ኤ.አ. አውስትራሊያ፣ ታዝማንያ ውስጥ የተወለደ ሰው ነበር። መድረክ ላይ ግጥምና ቃለ ተውኔት እየተወጣ ይኖር ነበር። ልክ እንዳንቺ ድምፁ ይዘጋበት ጀመር። ሐኪም እረፍት አዘዘለት። ሲያርፍ ይሻለዋል፤ መድረክ ላይ ሲመለስ ይዘጋል። እንግዲያው ጥፋቱ ስናገር የማደርገው ነገር ነው አለና መስታወት ፊት ቆሞ ራሱን ማየት ጀመረ። ሊናገር ሲል ራሱን ወደ ኋላ ይጥላል፣ ማንቁርቱን ይጫናል፣ አየሩን በአፉ ይስባል። ቀጥሎም ነገሩ አንገቱ ላይ ብቻ እንዳልሆነ፣ እስከ እግር ጣቶቹ እንደሚደርስ አየ። ዛሬ በስሙ የሚጠራው ዘዴ በብዙ የትወና ትምህርት ቤቶች ይሰጣል። አንቺም መስታወት ፈልጊ። ጎንሽን ስጪውና «ልጄ!» በዪ። ቃሉ ከመውጣቱ በፊት ያለችውን ቅጽበት ተመልከቺ። ምን ትይዣለሽ? አገጭ? ጉልበት?

ጉልበት ነው ብዬ እገምታለሁ። «ግንድ» የሚባል ተማሪ አብዛኛውን ጊዜ ጉልበቱን ቆልፎ ነው የሚቆመው። ጉልበት ሲቆለፍ ወገብ ይቆለፋል፤ ወገብ ሲቆለፍ ትንፋሽ ያጥራል። ጉልበትሽን ለቀቅ አድርጊው፤ ጎንበስ ሳይሆን ለቀቅ። እንደ እንስሳ መሄዱም ዓላማው ይኸው ነው። በአራት እግር ስትሄጂ ጀርባሽ እንደሚንቀሳቀስ ታስታውሻለሽ። ክብደትሽ ከቦታ ቦታ ሲዛወር ይታወቅሻል። አንበሳውን ማንም አይፈልገውም፤ የሚፈለገው ያ ስሜት ነው።

እጅ የት ይደረግ ላልሽው፣ ሰው ስለ እጁ የሚያስበው እጁ ሥራ ሲፈታ ነው። ሰፌድ ላይ ምስር አድርጊና እየለቀምሽ ቃለ ተውኔትሽን በዪ። ሙሉ ትዕይንቱን። ምስሩን በእውነት ልቀሚ፤ ጠጠር እንዳያመልጥሽ። ድምፅሽ ወዲያው ሲለወጥ ትሰሚያለሽ፤ ማስመሰሉ ይቀንሳል። በሌላ ቀን ሰፌዱን አንሺና ያለ ሰፌድ በዪው። እጅሽ የት መሆን እንዳለበት ራሱ ያገኘዋል። አንዳንዴ ደግሞ ምንም አያደርግም፤ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ይሁን። ከሚያወናጭፍ እጅ ዝም ያለ እጅ ይሻላል።

ሌላ የምወደው ልምምድ ግድግዳ መግፋት ነው። በሁለት እጅሽ ግድግዳውን በሙሉ ክብደትሽ እየገፋሽ መስመሩን በዪ። ከዚያ ያንኑ መስመር አቧራ ከልብስሽ ላይ በጣትሽ እንደምታራግፊ ሆነሽ በዪ። ሩዶልፍ ላባን የሚባለው የእንቅስቃሴ ሊቅ ማንኛውንም እንቅስቃሴ በአራት ነገር ይለካው ነበር፦ ክብደቱ፣ ፍጥነቱ፣ አቅጣጫውና ፍሰቱ። ቃልም እንደዚያው ነው። «ግባ» የሚለውን ቃል ገፍተሽም፣ አራግፈሽም፣ አንሳፈሽም ልትዪው ትችያለሽ። ሰውነት መጀመሪያ ካልሠራው ድምፅ አይሠራውም።

«ታዲያ የኛስ?» ብትዪኝ የሚያስደስተኝ ጥያቄ ነው። አቋቋም የሚያውቅ የደብተራ ልጅ ክፍል ውስጥ ካለሽ ጠጋ በዪው። መቋሚያና ጸናጽል ይዘው፣ ከበሮ እየተመታ፣ ለሰዓታት ቆመው ያዜማሉ። ዜማው፣ ትንፋሹና እርምጃው አንድ ላይ ነው የሚሄደው። እስክስታም አንገትና ትከሻ ካልተለቀቁ አይሆንም፤ ትንፋሹ ራሱ በየምቱ ይሰማል። አንድ ነገር ብቻ ልጠንቀቅ። «ተንቀሳቀሱ» ሲባል ወዲያው እስክስታ የሚወርድ ክፍል ብዙ ጊዜ ያሰለቸኛል። ከእስክስታ የምትወስጂው ልቅነቱን እንጂ ትርዒቱን አይደለም።

ስለ ማይኩ አጭር ነው። ማይክ ድምፅሽን ያጎላል፤ ትንፋሽሽን አይሠራልሽም። የተያዘ ጉሮሮ በማይክ ሲሰማ ያው የተያዘ ጉሮሮ ነው፤ ጎልቶ። ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ረጅም ልብ ወለድ ሲተርክ ማይክ ፊት ነበር። የመድረክ ተዋናይ ስለነበረ ግን ሽማግሌውን በሽማግሌ ትንፋሽ፣ ወጣቷን በወጣት ትንፋሽ አመጣቸው። ቅጂውን ፈልገሽ ስሚው። መስመሮቹን እንዴት እንደሚጨርስ ብቻ አዳምጪ።

ዝንጅብልና ማሩን በተመለከተ፣ ጠጪው፣ ደስ ይላል። የምትውጪው ነገር ግን አውታሮችሽን አይነካም። ስትውጪ የአየር መንገዱ ይዘጋል፤ ምግቡ በሌላ ቧንቧ ይሄዳል። ጤና አዳምም፣ ነጭ ሽንኩርትም ያው ናቸው። አውታሮቹ ጋ በቀጥታ የሚደርሰው እንፋሎት ነው። ንጹሕ የፈላ ውኃ አውርደሽ፣ ፎጣ ተከናንበሽ ታጠኚ፤ ባህር ዛፍ መጨመር አያስፈልግም። ውኃ ቀኑን ሙሉ ቀስ በቀስ ጠጪ፤ መድረክ ዳር አንድ ጠርሙስ መገልበጥ አይጠቅምም። አዲስ አበባ ከ2300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ በበጋ አየሯ ደረቅ ነው፣ ጉሮሮ ቶሎ ይደርቃል። በጾም ውኃ የማትቀምሺ ከሆነ ጾሙን ተዪ አልልሽም፤ ግን ጮክ የሚባለው ትዕይንት ከማፍጠሪያ በኋላ እንዲደረግ ለምኚ።

ጠዋት ጠዋት ይሻክራል ብለሻል። ማታ ከጥናት ስትመለሺ በርበሬ የበዛበት ወጥ በልተሽ ወዲያው ትተኛለሽ? ቃርስ አለብሽ? የጨጓራ አሲድ ተኝተሽ ሳለ ወደ ጉሮሮ ሊወጣ ይችላል። ከመተኛትሽ 2 ወይም 3 ሰዓት በፊት ብዪ። «እህህም» እያልሽ ጉሮሮ መጥረጉንም ቀንሺ፤ አውታሮቹን እርስ በርስ ያጋጫል። ምራቅ ዋጪ ወይም ውኃ ጎንጨት በዪ። ድምፅሽ ሲዘጋ ደግሞ አታንሾካሹኪ። ያሳርፋል ይባላል፤ ለብዙ ሰው ግን ጉሮሮን ይበልጥ ይወጥራል። ወይ ዝም በዪ፣ ወይ በቀስታ በተራ ድምፅሽ አውሪ።

የቀረው የልቅሶው ትዕይንት ነው። ድምፅሽን የሚጨርሰው እሱ እንደሆነ እርግጠኛ ነኝ ማለት ይቻላል። «ዋይ! ልጄን!» እያልሽ በየጥናቱ ደጋግመሽ ትጮኺያለሽ አይደል? አንቺ ልቅሶ ቤት ሳትሄጂ አላደግሽም። አስታውሺ። ሙሾ የምታወርድ ሴት ከጠዋት እስከ ማታ አትጮኽም፤ ብትጮኽ ድምፅ አይተርፋትም። በዜማ ታወርዳለች። ግጥሙ ቤት ሲመታ ሌሎቹ ይቀበሏታል፤ እሷ ያን ጊዜ ትተነፍሳለች። ሐዘኑን አብዛኛውን የሚሸከመው ሰውነቷ ነው፦ የሚመታው ደረት፣ ወዲህ ወዲያ የሚለው ወገብ፣ የሚዘረጋው እጅ። ከዚህ ጀምሪ። ትዕይንቱን መጀመሪያ ያለ ቃል፣ በሰውነትሽ ብቻ ሥሪው። ነጠላሽን ፊትሽ ላይ ጣል አድርጊና ፊትሽ ሳይታይ ሐዘኑ መታየት አለመታየቱን ጓደኛሽ ትንገርሽ። ቀጥሎ ዜማ ብቻ ጨምሪ። ቃሉ መጨረሻ ይምጣ። ጩኸት ካስፈለገ በሙሉው ትዕይንት አንድ ቦታ ላይ ይሁን፤ ከመውጣቱ በፊት ጎንሽ ይስፋ፣ ጉልበትሽ ይለቀቅ፣ አፍሽ ደህና አድርጎ ይከፈት።

ይህን ለአዘጋጃችሁም ንገሪው። ሰው ፊት ሳይሆን ከጥናት በፊት ለብቻው ስታገኚው። «ጋሼ፣ ድምፄ እየተዘጋብኝ ነው። የልቅሶውን ጩኸት በየጥናቱ ምልክቱን ብቻ ላሳይ፣ ሙሉውን በሳምንት አንድ ቀን ልሥራው?» በዪው። በሙያው የቆየ ሰው ይህን ያውቃል፤ ዘፋኞችም ለልምምድ እንዲሁ ያደርጋሉ። «አይሰማም» ሲልሽ ደግሞ «የትኛው ቃል?» ብለሽ ጠይቂው። ግሡ ነው ካለሽ ምን እንደምትሠሪ ታውቂያለሽ። የሐኪም ቤቱን ነገር ግን ከሱ በፊት ጨርሺ፤ የሰኔው ቀን ሳይደርስ ለማረፍ ጊዜ እንዲኖርሽ።